ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች፥ እንደ ምንቃሯም ትበላለች

«ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች» የሚለው የአባቶች ቃል በሁላችን አፍ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ለቤተ ሰብ በተመደበው በዚህ ዓምድ ስለ ወፍ ጩኸት ሳይሆን ስለ ወፍ አፍ፥ ይኸውም ስለ ምንቃሯ ልንነጋገር አስበናል። ምንቃር ለወፍ እጅም፥ ጣትም፥ ቢላዋም፥ ማንኪያም ነው። ሰው አንዱ መሣሪያ ቢሰበርበት ሌላውን ያነሣል፤ ወፍ ግን የተሸከመችው መሣሪያ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ያ መሣሪያ ከምትበላው ነገር ጋራ ካልተስማማ ጦሟን ታድራለች። ወስፌ የያዘችውን ሴት ስፌት ሰፊ፥ ጉጠት የያዘውንም ሰው አንጥረኛ ነው ብለን እንደምናውቅ፥ እንዲሁ የወፍን ምንቃር አስተውሎ የተመለከተ ሰው የዕለት እንጀራዋ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ሊናገር ይችላል።

ይህን አሳብ ያነሣንበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። አንድ ቀን ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ አጠገብ በአንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ በእንግድነት ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፥ ክንፉ እንደ ወናፍ የሚጮኽ አንድ ታላቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ መጥቶ ከግቢው ዳር ከቆመው ያረጀ ዛፍ ላይ ዐረፈ። ከምንቃሩ በላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት ይመስል ነበር። ዕድሜው ዐሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው የሽማግሌው የልጅ ልጅ ይህን ባየ ጊዜ ፈጥኖ ወንጭፉን አወጣና ድንጋይ አጐረሰበት። ሽማግሌው ግን እጁን ያዙት።

«ቆይ ልጄ፥ ይህ አባወራ ነው። ሚስቱ ከግንዱ ውስጥ ተዘግታባት ተቀምጣለች። እርሱን ብትጥለው እርሷን ማን ያጐርሳታል?» አሉት።

ልጁም ወንጭፉን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ካሰበ በኋላ፥ «አባባ፥ ታዲያ አፉ ይህን ያህል ለምን አደገ?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ሣቁና፥ «ይህንስ ማንበብ የሚያውቁትን እንግዳችንን ጠይቃቸው» ብለው ወደ እኛ መለሱት። በዚያ ሰዓት የሰጠነው መልስ አጭርና ጐደሎ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የዚያ ልጅ ዕዳ መክፈያ ይሁንልን።

በመጀመሪያ ስለ ስፍራው ጥቂት እንናገር። የጌዴኦ አገር ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ካለው ተዳፋት ላይ የተቀመጠ፥ ሕዝቡ የበዛ፥ ምድሩም የለመለመ አገር ነው። የጌዴኦ ገበሬ እርሻውን የሚያበጀው እንደ ፎቅ ቤት በደርብ በደርብ ነው። ከላይ ዋንዛ፥ ብርብራ፥ ሾላና ሌሎችም ታላላቅ ዛፎች ጥላቸውን ይዘረጋሉ፤ ከእነርሱ ሥር የሕዝቡ ዋና ምግብ የሆነው እንሰት ይቆማል፤ ከእንሰቱም መካከል ቡናው ይበቅላል፤ ከሁሉ በታች ጐመንና ሌላም አትክልት ይኖራል። ይህ ጥበብ የዓለምን ዓይን ስለ ሳበ፥ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ ከተማ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። እንዲህ ያለው እርሻ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለወፎችም ብዙ ደርብ ያለው ማዕድ ነው፤ በእያንዳንዱም ደርብ ልዩ ልዩ ምንቃር ያላቸው ተጋባዦች ይቀመጣሉ።

ስለ ምንቃር አሠራር እናስረዳ። ምንቃር ውስጡ አጥንት ነው፤ ከላዩ ግን የሰው ጥፍርና የበሬ ቀንድ ከተሠሩበት ዓይነት ጠንካራ ሽፋን ይለብሳል። ይህም ሽፋን እንደ ጥፍር ዘወትር ያድጋል፤ ወፊቱም በምትበላበትና በዛፍ ቅርፊት ላይ በምትስልበት ጊዜ እየተበላ ልኩን ይጠብቃል። በዱር ያሉ ወፎች ጥርስ የላቸውምና የማኘኩን ሥራ ከሆዳቸው ያለው ጠንካራ መፍጫ ይሠራላቸዋል። የምንቃር ሥራ እንግዲህ ምግቡን መድረስ፥ መያዝ፥ መሰንጠቅ ወይም መቦጨቅ ነው።

ከቤታችን ደጃፍ እንጀምር። እህል ከተሰጣበት ሰሌን ዳር የማትጠፋው ድንቢጥ ምንቃሯ አጭር፥ ከሥሩ ወፍራም፥ ጫፉም ሹል ነው። ይህ የፍሬ ሰባሪዎች ምልክት ነው። አንጥረኛ በጉጠት ጠንካራ ነገር ሊሰብር ሲፈልግ ከጫፉ ሳይሆን ወደ ማጠፊያው አቅርቦ እንደሚይዘው፥ ድንቢጥም ፍሬውን ወደ አፏ ማጠፊያ አቅርባ ትጫነዋለች። ምንቃር ባጠረና በወፈረ መጠን ኃይሉ ይበረታል፤ በረዘመና በቀጠነ መጠን ግን ኃይሉ እያነሰ መድረሻው ይሰፋል። የምንቃር ሁሉ ምሥጢር በዚህ በኃይልና በርዝመት መካከል ባለው ምርጫ የተጠቀለለ ነው።

ርዝመትን የመረጠችውን ለማየት የቆርች ዛፍ ቀይ አበባውን በሚያፈካበት ወራት ወይም እሬት በሚያብብበት ስፍራ ቁሙ። በዚያ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ፥ ላባዋ በፀሐይ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ወፍ ትመጣለች። ከእነዚህ የአበባ ወፎች አንዲቱ በተከዜ ወንዛችን ስም ተሰይማ በዓለም መጻሕፍት ሁሉ ተከዜ ተብላ ትጠራለች። ምንቃሯ እንደ ወስፌ ቀጭን፥ እንደ ማጭድም የጐበጠ ስለ ሆነ ወደ አበባው ጕሮሮ ይገባል፤ ምላሷም እንደ ቱቦ የተጠቀለለ፥ ጫፉም የተሰነጠቀ ነው፤ በእርሱም የአበባውን ማር ትመጣለች። በዚህ ጊዜ የአበባው ዱቄት ከግንባሯ ተጣብቆ ወደ ሌላ አበባ ይሻገርና ዛፉ ፍሬ ይይዛል። እንግዲህ ወፊቱ የምትበላው ማር በነጻ የተሰጣት ሳይሆን የሥራዋ ደመወዝ ነው።

ወደ ግንዱ ብንመለከት ግንደ ቆርቁርን እናገኛለን። የእርሱ ምንቃር እንደ አናጢ መሮ ቀጥ ያለና ጫፉ የጠነከረ ነው። በእርሱ የበሰበሰውን እንጨት ፈልፍሎ ትል ያወጣል። ምላሱ እጅግ ረዥም ከመሆኑ የተነሣ፥ የሚያንቀሳቅሰው አጥንት ከጕሮሮው ተነሥቶ የራስ ቅሉን በስተ ኋላ ዞሮ ይጠቀለላል።

ከላይ ከቅርንጫፉ ላይ ደግሞ በቀቀን ትጮኻለች። በአገራችን ደን ከምትኖሩት መካከል ግንባሯ ቢጫ የሆነው በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አትገኝም። የበቀቀን የላይኛው ምንቃር እንደ መንጠቆ የታጠፈ ሲሆን ከራስ ቅሉ ጋራ በማጠፊያ የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ የላዩም የታቹም ይንቀሳቀሳሉ። በዚህ መሣሪያ ጠንካራውን ፍሬ ትከካለች፤ ዛፍ ስትወጣም እንደ ሦስተኛ እግር ትደገፍበታለች።

ከደጋው ሜዳ የምናየው ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ታላቁ ቁራም የአገራችን ሀብት ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ስፍራ በቀር አይኖርም። ምንቃሩ እጅግ ወፍራምና ከላይ የጐበጠ ነው። ከብት ባለፈበት መንገድ ቆሞ ይህን ምንቃር እንደ ማጭድ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ እበቱን ሲበትንና ከውስጡ ትል ሲለቅም ይታያል። ከእርሱ ጋራ በአንድ ሜዳ ላይ ከአንገቷ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለባት ጩኸታም ወፍ ረዥሙንና ወደ ታች የጐበጠውን ምንቃሯን ከለሰለሰ መሬት ውስጥ እየሰካች ትሎችን ታወጣለች። ሁለቱ ጐረቤታሞች ሲሆኑ አይጣሉም፤ አንዱ የሚበትነው ላዩን፥ አንዷ የምትፈልገው ውስጡን ነውና። ከላሞች ጀርባ ላይ የምትቀመጠው ትንሽ ወፍ ደግሞ ከጐን ወደ ጐን የተጨፈለቀውን ምንቃሯን በጠጕር መካከል እንደ ማበጠሪያ እየሳበች መዥገር ትለቅማለች።

ሥጋ በሎቹም ሥራን ተከፋፍለዋል። የንስርና የጭልፊት ምንቃር ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ፥ ጠርዙም ስለታም ነው፤ አደኑን የሚይዙት በጥፍራቸው ቢሆንም የሚቦጭቁት በምንቃራቸው ነው። በጥንብ አንሳዎች ዘንድ ታላቅ ምንቃር ያለው ቆዳውን ይቀድዳል፤ በከተሞቻችን ቄራ ዙሪያ የምናያት ትንሿ ቡናማ ጥንብ አንሳ ግን ምንቃሯ ቀጭን ስለ ሆነ ተራዋን ጠብቃ ከአጥንት መካከል የቀረውን ትለቅማለች። ይህች ከተማን የምታጸዳ ወፍ ለአውሬና ለውሻ ተብሎ በሚጣል መርዝና በሌላም ምክንያት እጅግ ስላነሰች፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ ፈጽሞ ለመጥፋት ከቀረቡት መካከል ተቈጥራለች።

ከጌዴኦ ተዳፋት ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የአባያን ሐይቅ ሸለቆ ያያል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚኖረው ታላቁ ነጭ ፔሊካን ከምንቃሩ ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት ከ10 ሊትር በላይ ውኃ ይይዛል፤ እርሱም እንደ መረብ ዓሣውን ከነውኃው ይጨልፍና ውኃውን አፍስሶ ዓሣውን ይውጣል። ፍላሚንጎ የምትባለው ባለ ረዥም እግር ወፍ ደግሞ ራሷን ገልብጣ ምንቃሯን በጨዋማው ውኃ ውስጥ ትነክራለች፤ የምንቃሯም ዳር እንደ ወንፊት ስለ ሆነ ደቃቁ ምግብ ከውስጥ ይቀራል፥ ውኃውም ይወጣል።

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ እንመለስ። ያ ታላቅ ወፍ በፈረንጆች ቋንቋ ሆርንቢል፥ ማለት ቀንዳም ምንቃር ከሚባሉት ወገን ነው። በሐዋሳ ከተማ በሐይቁ ዳር ባሉት ሾላዎች ላይ ዘመዶቹን ያላየ መንገደኛ ጥቂት ነው። በምንቃሩ ላይ የተደረበው ቀንድ ከባድ ቢመስልም አብዛኛው ባዶ ስለ ሆነ ቀላል ነው፤ እንዲህም ሆኖ ራሱን ለመሸከም የአንገቱ ሁለት የመጀመሪያ አጥንቶች አንድ ሆነው ተጋጥመዋል። ሰውነቱ ትልቅ ስለ ሆነ ከቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ መቆም አይችልም፤ ነገር ግን ምንቃሩ ረዥም ስለ ሆነ ከወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ከጫፍ ያለውን ፍሬ ይለቅማል። ምላሱ አጭር ስለ ሆነም ፍሬውን በምንቃሩ ጫፍ ይዞ ወደ ላይ ይወረውርና ወደ ጕሮሮው ያስገባዋል። ልጄ፥ አፉ ያደገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሽማግሌው የተናገሩት ነው። እንስቲቱ እንቍላል ልትጥል ስትደርስ ከዛፍ ጕድጓድ ትገባለች። ወንዱም ጭቃ በጕሮሮው እያመጣ ያቀብላታል፤ እርሷም በምንቃሯ እየለሰነች ከጠባብ ስንጥቅ በቀር ደጃፉን ትዘጋዋለች። ጠላት እንዳይገባባት ይህን ካደረገች በኋላ ከሦስት ወር በላይ በዚያ ትቀመጣለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ አባወራው ፍሬ በጕሮሮው ሞልቶ እያመጣ አንድ አንዱን እያወጣ በስንጥቁ ያጐርሳታል። በምሥራቅ አፍሪካ ይህን የተከታተሉ ሊቃውንት እንደ ገመቱት፥ አንድ ወንድ በ120 ቀን ገደማ ውስጥ 1,600 ጊዜ ያህል ተመላልሶ 24,000 የሚሆን ፍሬ አቅርቧል። ይህም በቀን ከ13 ጊዜ በላይ፥ በእያንዳንዱም ጉዞ 15 ፍሬ መሆኑ ነው። እንግዲህ በዚህ መካከል አንድ ድንጋይ አባወራውን ቢጥለው፥ እናቲቱ በረኃብ ትጐዳለች፤ ወይም ግድግዳዋን ሰብራ ልጇን ትታ ትወጣለች። ወንጭፉ የወረወረው አንድ ድንጋይ ነው፤ የፈረሰው ግን አንድ ቤተ ሰብ ነው።

«ወፎቹ ይህን ያህል ልዩ ልዩ ምንቃር ከወዴት አገኙ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በ1835 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቻርልስ ዳርዊን የተባለው እንግሊዛዊ በደቡብ አሜሪካ አጠገብ ወደሚገኙት የጋላፓጎስ ደሴቶች ደርሶ፥ በሌላው ነገር የሚመሳሰሉ በምንቃራቸው ግን የሚለያዩ ትናንሽ ወፎችን ሰበሰበ። ከብዙ ዘመን በኋላ ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የሚባሉ ባልና ሚስት ከ1973 ጀምሮ ከእነዚያ ደሴቶች በአንዲቱ ላይ ወፎቹን አንድ በአንድ እየለኩ ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። በ1977 ጽኑ ድርቅ ሆነ። ለስላሳውና ትንሹ ፍሬ አለቀ፤ የቀረው ትልቁና ጠንካራው ብቻ ሆነ። በዚያ ጊዜ ከአንዱ ዓይነት ወፍ ከ1,000 በላይ ከነበሩት 180 ገደማ ብቻ ተረፉ፤ የተረፉትም ይበልጡን ምንቃራቸው ወፍራም የሆነው ነበሩ። በሟችና በተራፊ መካከል የነበረው ልዩነት በአማካይ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነበር! ልጆቻቸውም የወላጆቻቸውን ወፍራም ምንቃር ወረሱ። በ1983 ብዙ ዝናብ ወርዶ ትንንሹ ፍሬ በበዛ ጊዜ ደግሞ፥ በተከተሉት ዓመታት ምንቃራቸው ያነሰው ተጠቀሙ።

ለጌዴኦ ገበሬ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ከእንሰቱ መካከል በሽታ የቻለውንና ያማረውን መርጦ እንደሚያባዛ፥ ከቡናውም ፍሬው የበዛለትን ለዘር እንደሚያስቀር፥ እንዲሁ ረኃብና ጥጋብ፥ ድርቅና ዝናብ በብዙ ሺህ ትውልድ ውስጥ ወፎችን ሲመርጡ ኖረዋል። ወፊቱ ስለ ፈለገች ምንቃሯ አልረዘመም፤ የረዘመላት ስለ ኖረች ልጆቿ ረዥም ምንቃር ይዘው ተወለዱ እንጂ።

ከዚህ የምንማረው ነገር ከባድ ነው። ምንቃር ለአንድ ማዕድ የተበጀ መሣሪያ ከሆነ፥ ማዕዱ በድንገት ሲነሣ መሣሪያው ከንቱ ይሆናል። ትውልድ በትውልድ ላይ የሠራውን ምንቃር በአንድ ክረምት መለወጥ አይቻልም። ዛሬ በብዙ ስፍራ ሾላውና ዋንዛው ተቈርጦ በፈንታው ባሕር ዛፍ ወይም ጫት ሲተከል፥ ቀንዳሙ ምንቃር የሚለቅመው ሥጋ ያለው ፍሬ፥ ሚስቱም የምትዘጋበት ያረጀ ግንድ አብረው ይጠፋሉ። ጕዳቱ በወፍ ብቻ አይቀርም። የሾላንና የሌላውን ዛፍ ዘር ውጠው ከእናት ዛፉ አርቀው የሚጥሉ እነዚህ ወፎች ናቸውና፥ ወፉ ሲጠፋ ያለ ዋጋ የሚሠራው ዛፍ ተካይ ጠፋ ማለት ነው።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተጠንቶ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ምርምር እንዳሳየው፥ ከዛፍ ጥላ ሥር በሚለማው የቡና እርሻ የተገኘው የወፍ ዓይነት በደኑ ከተገኘው እጥፍ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን በጥቅጥቅ ደን ሥር ተባይ እየለቀሙ የሚኖሩት ወፎች በደኑ ውስጥ ይበዙ እንደ ነበር ተገልጿል። ስለዚህ የጥላ ቡናው ብቻውን አይበቃም፤ ደኑም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ አብረው ሊጠበቁ ይገባል። የጌዴኦ አባቶች የእርሻቸውን ዛፍና ሥርዓት ያላቸውን ቅዱሳን ደኖች አብረው ማቆየታቸው እንግዲህ የጥበብ ሥራ ነው።

የተወደዳችሁ እናቶችና አባቶች ሆይ፥ በሚመጣው ዕረፍት ቀን በማለዳ ከልጆቻችሁ ጋራ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከዛፍ ሥር ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተርና እርሳስ ስጡ፤ ያየውን ወፍ ምንቃር በአንድ ወገን ይሣል፥ በሌላው ወገን ምን እንደምትበላ አስቀድሞ ይገምት። ቀጥሎም በትዕግሥት ተመልክቶ ግምቱ እውነት ወይም ስሕተት መሆኑን ይጻፍ። ወደ ጎጆዋ ግን አይቅረብ፥ እንቍላሏንም አይንካ። የቤት አባትም ከግቢው ያለውን ያረጀ ባለ ጕድጓድ ዛፍ ለማገዶ ከመቍረጡ በፊት፥ በውስጡ ተከራይ እንዳለበት ይመልከት። ልጅ ወንጭፉን በግድ ብትቀሙት ሌላ ይሠራል፤ ዓይኑን ብታስተምሩት ግን ወንጭፉን ራሱ ያስቀምጠዋል።

በዚያ ግቢ የነበረውን ልጅ ስንሰናበተው ወንጭፉ ከአንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እርሱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ አባወራው በስንጥቁ የሚያቀብለውን ፍሬ ጮክ ብሎ ይቈጥር ነበር። ዐሥራ አንድ ላይ ሲደርስ እኛ መንገድ ጀመርን።